ወደ ገበታው በእግር

በእኛ አገር ባልና ሚስት ሻንጣ ይዘው ረጅም መንገድ ከወጡ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ተድሯል፣ ወይ ንግሥ አለ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ጉዞ ማብራሪያ ይጠየቅበታል። ጅማ ላይ ቁርስ ያቀረበችልን ልጅ ጠየቀችን፤ ሸቤ ላይ ሙዝ የሸጡልን እናት ጠየቁን፤ ቦንጋ ስንደርስ ደግሞ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ መታወቂያችንን እያገላበጠ «ለስብሰባ ነው?» አለን። ባለቤቴ ቀበል አድርጋ «ለመብላትና በእግር ለመሄድ» ብላ መለሰችለት። ልጁ ሳቀ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። የዓመት ፈቃዳችንን አገጣጥመን፣ ልጆቹን እናቷ ዘንድ ትተን የወጣነው ለዚሁ ነው። በእግር መሄዱ የእኔ አምሮት ነው፤ መብላቱ የእሷ። ውላችንም አጭር ነበር፦ የዕለቱን መንገድ እኔ እመርጣለሁ፣ የዕለቱን ምግብ እሷ።

ልጁ ስብሰባ ቢለን አይፈረድበትም። ቦንጋ ድሮም የካፋ ዞን ዋና ከተማ ነበረች፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሞ መቀመጫዎቹን ለተለያዩ ከተሞች ሲያከፋፍል የአስተዳደሩ ድርሻ ለእሷ ደረሳት። ባረፍንበት ሆቴል ቁርስ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል አንገታቸው ላይ የስብሰባ ባጅ ያንጠለጠሉ ነበሩ። ጭቃ የጠገበ ጫማ የነበረን እኛ ብቻ ነን።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የጊቤ በረሃ፣ ጅማ፤ እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አልተርከውም። ከጅማ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ነው። መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲወርድ ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲይዝ መስኮት ያዘጋል። ከዚያ በኋላ ዛፉ ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው እየተሻገረች የተሠራች ናት። ጠዋት ጉም ይውጣታል፤ ረፋድ ላይ ይተፋታል።

ጎጀብን ተሻግሮ ካፋ መግባት ድሮ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የካፋ መንግሥት ራሱን ችሎ በኖረባቸው አምስት መቶ ዓመታት ገደማ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር አጥሮ፣ በሮቹን በዘብ ያስጠብቅ ነበር። እንግዳ እንደ ልቡ አይገባም። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ እንኳ በ1843 (እዚህ አንቀጽ ላይና ቀጥሎ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቦንጋን ያየው፣ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ቤተ መንግሥት ያጩትን ሙሽራ ሊያመጡ ከተላኩ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ይህን መኪና ውስጥ ለባለቤቴ ሳጫውታት «አየህ፣ እሱም በሰርግ አሳቦ ነው የገባው» አለችኝ።

በሩን በመጨረሻ የከፈተው ሰርግ ሳይሆን ጦር ነው። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የአፄ ምኒልክ ሠራዊት በ1897 ካፋን ያዘ። የመጨረሻው ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ ለወራት በጫካ ተሸሽገው ከተዋጉ በኋላ ተማረኩ፤ ሕይወታቸውም በግዞት አለፈ። ዘውዳቸው ከአገር ወጥቶ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቆይቶ በ1954 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ። አስጎብኛችን የሆነው ወጣት ስማቸውን ሲያነሳ ንጉሡ ባለፈው ሳምንት የተማረኩ ይመስል ነበር።

ወደ መብላቱ እንመለስ። የመጀመሪያው ማታ ባለቤቴ ምናሌውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፦ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሩዝ። አዲስ አበባ፣ አዳማም ሆነ ሐዋሳ የምታገኙት ማለት ነው። አስተናጋጇን ጠርታ «የካፋ ምግብ ምን አላችሁ?» ብትላት ልጅቷ አፈረች። «እሱ እንኳን የቤት ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ይህችን መልስ በዚያ ጉዞ ደጋግመን ሰማናት። ቆጮው «የቤት ነው»፤ ጎደሬው «የቤት ነው»፤ በጥምዝ የተነጠረው ቅቤ «የቤት ነው»። እንግዳ የሚከበረው በጥብስና በፓስታ ነው የሚል አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ማን እንዳወጣው እንጃ። ለእኔ ይህ ትሕትና አይመስለኝም። ቤት ውስጥ በኩራት የሚበላን ነገር ሆቴል በር ላይ ሲደርስ መደበቅ፣ ለምን እንደሆነ ማንም ተቀምጦ ያላሰበበት ልማድ ነው።

ጥብሱ ግን አይረሳም። ቀን ገበያ ላይ ያየናቸው በጎች ቀንድ አልባ፣ ቡናማ፣ ረጅምና ሰባ ያለ ጭራ ያላቸው ነበሩ። የቦንጋ በግ በአገር ደረጃ የታወቀ ዝርያ ነው። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ከቦንጋ የግብርና ምርምር ማዕከልና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ምርጥ አውራዎችን እየመረጡ በጋራ የሚያራቡበትን ዘዴ ዘርግቷል። ቀድሞ ጥሩ ጥሩው ጠቦት ቶሎ ገበያ ወጥቶ ይታረድና ለዘር የሚቀረው ደካማው ነበር። አሁን ምርጡ ለዘር ይቆያል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «እንግዲያው ይሄ የምበላው ያልተመረጠው ነው» አለችና ሳህኗን ጠራረገች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ማንኪራ ጫካ ነበር የሄድነው። ማንኪራ የቡና መገኛ ናት ብለው የካፋ ሰዎች የሚያሳዩዋት ሥፍራ ናት። ፍየል ጠባቂው፣ የጨፈሩት ፍየሎች፣ ቀዩ ፍሬ፤ ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ፍየሎቹ የምለው የለኝም። የሳይንሱ ሰዎች የሚሉት ይበቃኛል፦ ዓለም በብዛት የሚጠጣው አረቢካ ቡና በዱር የበቀለባቸው ደኖች እነዚህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ናቸው፤ የዘር ሀብቱም የተከማቸው እዚሁ ነው።

በእርሻ ቡና ዓይኑ የለመደ ሰው ጫካ ውስጥ ቡናውን ወዲያው አያገኘውም። እኔ አላገኘሁትም። ከላይ ቀረሮ አለ፣ ግንዱን አንጋጦ ለማየት አንገት የሚያሳምም። ከሥሩ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳና። ከዛፍ ዛፍ ሐረግ ተንጠልጥሏል፤ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን ጥለው ያልፉበታል። ቡናው ከዚህ ሁሉ ጥላ ሥር ቀጥኖና ረዝሞ፣ ብርሃን ፍለጋ ተለጥጦ ቆሟል። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ በጣት ይቆጠራል። ወሩ ኅዳር ስለነበር ቀልቶ ደርሷል። አስጎብኛችን አንዱን ቀጥፎ ሰጠኝ፤ ልጣጩ ጣፋጭ ነው፣ ፍሬው ያሟልጫል።

እኔ እግሬን ለማፍጠን እየቸኮልኩ ሳለ ባለቤቴ ከኋላ ቆመች። «ና እስቲ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። አስጎብኛችን ዛፍ ላይ የተጠጋ፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው ተክል እያሳያት ነበር። ከቅጠሉ መሐል የትንሽ ጣት ያህል፣ ቀጥ ያለ አረንጓዴ ፍሬ ወጥቷል። ፍሬው ደቃቅ ቅንጣቶች የተደረደሩበት ነው። ልጁ ቆርጦ በጥፍሩ ጫር አደረገና አሸተታት። «ጥምዝ!» ብላ ጮኸች። ከጮኸችበት ድምፅ የተነሳ ጉሬዛዎቹ ቦታ ቀየሩ።

ለምን እንደጮኸች የሚገባው በርበሬ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ በርበሬዋን ራሷ ታዘጋጃለች፤ ጥምዝ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ በሶብላ እያለች መርካቶን ታስሳለች። ጥምዝ ስትገዛ የምታየው ጠቁሮ የደረቀ፣ የጭስ ሽታ ያለው ነገር ነው። የሚሸትተው አለምክንያት አይደለም። እዚህ ከጫካ ተለቅሞ ምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ በጭስ ይደርቃል። ጥምዝ እርጥበትና ጥላ ይወዳል፤ ዛፉ ከተቆረጠ እሱም የለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት የበላችውን ቅመም በእግሩ ቆሞ ስታየው ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ለመግለጽ ይቸግረኛል፤ ሰው ለረጅም ጊዜ በደብዳቤ ብቻ ያወቀውን ዘመድ በአካል ሲያገኝ እንደሚሆነው ነው። ብዙም ሳንርቅ ኮረሪማ አገኘን፤ ቅጠሉ ረጅም ነው፣ ቀዩ ፍሬው ግን ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ተሸሽጓል። ገበያ ላይ በክር ተሰክቶ የምናየው ያ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር መሄዱ የእኔ መሆኑ ቀረ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን።

ጥምዙን ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ ግን አስጎብኛችን በትሕትና ከለከላት። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ ስፋቱ 760 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። ውስጡ በሦስት ቀጠና ይከፈላል። ዋናው ማዕከል አይነካም፤ መቀጠፍም፣ መቆረጥም፣ ማረስም የለም። በዙሪያው ያለው ቀጠና ውስጥ ነዋሪው ቡናውን፣ ማሩን፣ ቅመሙን በሥርዓት ይለቅማል። ሦስተኛው ሰዉ የሚያርስበትና የሚኖርበት ነው። የተከለከለችው ሕጉ ስለማይፈቅድ ብቻ አይደለም። «ይሄኛው ባለቤት አለው፣ እትዬ» አላት። ጫካ መስሎን የምንረግጠው ነገር ሁሉ ማን የት እንደሚለቅም የሚታወቅበት ኖሯል። ዛፎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ቀፎዎችም እንዲሁ። ረጅም ድቡልቡል ቀፎ በገመድ ተስቦ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ ማታ በጭስ ወጥቶ ይቆርጣል። ነጩ የካፋ ማር የሚገኘው በተለይ ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ነው። ገተማ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ሌላ ትልቅ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ስለሆነ፣ ማሩን የፈለገ ሰው ትልቁን ዛፍ አይቆርጥም።

ከጫካው ስንወጣ ምሳ ተዘጋጅቶልናል። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ ባለቤቴ ያችን «የቤት ነው» የምትለዋን መልስ ሰምታ ዝም አላለችም። ማታውኑ አስጎብኛችንን «የቤት ከሆነ ቤት ውሰደን፣ እንከፍላለን» አለችው። አክስቱ ቤት ወሰደን።

ቤቱ በእንሰት ተከቧል። የልጁ አክስት ከማድ ቤት ወጥተው እጃችንን ይዘው ሳሙን፤ አማርኛቸው ትንሽ ስለሆነ ልጁ እየተረጎመ አወራን። ባለቤቴ ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም፤ ተከትላቸው ማድ ቤት ገባች፤ እኔም በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሴትየዋ ከጉድጓድ የወጣውን፣ ለወራት የቦካውን ቆጮ ጨምቀው ውኃውን አወጡ። ከዚያ በቢላዋ ደጋግመው ከተከቱት፤ ጭረቱ ካልተቆረጠ ጥርስ ውስጥ ይገባል። አሹት፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለሉት፣ የጋለ ምጣድ ላይ አኖሩት። ቅጠሉ ሲንጫጫ የሚወጣው ሽታ የሣርም የዳቦም ነው። ሲገለብጡት የቅጠሉ ጅማት ቂጣው ላይ ታትሟል። ቀጥሎ ጎመን ቀረበ፤ የተቀቀለ ጎደሬ፣ የበግ ቅቅል፣ በጥምዝና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ። ባለቤቴ ቅቤውን በቆጮ እያጠቀሰች ዝም አለች። እሷ ምግብ ላይ ዝም የምትለው ሲጥማት ነው። መጨረሻ ላይ ነጩ ማር በትንሽ ሳህን መጣ፤ የረጋ፣ ጥርስ የማይቆረቁር፣ ከኋላው መረር የሚል ጣዕም ያለው።

በዚያ ገበታ ላይ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከጫካው ጀምሮ አብሮን የነበረ፣ ጠጅ ሣርና እንጉዳይ ያሳየን፣ መንገዱን ከአስጎብኛችን የተሻለ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ነበር። ቤቱ ስንደርስ ደጁ ላይ ከግንድ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አለችው። «እዚህ ይሻለኛል፤ እግሬ ጭቃ ነው» አለ። የሁላችንም እግር ጭቃ ነበር። ምግቡ በሌላ ሳህን ወደ ደጅ ወጣለት። በላ፤ አመሰገነ፤ ሄደ።

በመመለሻው መንገድ ላይ አስጎብኛችን ሳንጠይቀው ነገረን። ሰውየው ከማንጆ ወገን ነው። ማንጆዎች በካፋ ውስጥ ድሮ በአደንና በጫካ ሥራ ይኖሩ የነበሩ፣ የመንግሥቱንም በሮች ይጠብቁ የነበሩ፣ በኋላ ማገዶና ከሰል በመሸጥ የሚታወቁ ወገኖች ናቸው። ለረጅም ዘመን ሌላው የካፋ ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም ነበር፤ ቤትም አያስገባም፣ አይጋባም። ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ብዙ ነገር እንደለወጡ ልጁ ነገረን፤ እሱ ራሱ ከማንጆ ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ተምሯል፣ ቤቱም ሄዶ በልቷል። «አክስቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እሱም ቢሆን ግባ ቢሉት አይገባም» አለ። ይህ ዓይነቱ ነገር የካፋ ብቻ አይደለም፤ በየክልላችን ሸክላ የምትሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ የሚበላባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። ስለ ካፋ ምግብ ስጽፍ ግን የጥምዙን ሽታ አውርቼ ይህን ብዘለው ውሸት ይሆንብኛል። የበላነውን ነገር ከጫካ ያወጣው ሰው የበላው ደጅ ላይ ነው።

የቀሩትን መንገዶች ባጭሩ ላንሳ። የባርታ ፏፏቴ የሚያምረው ከላይ ሲታይ ሳይሆን ቁልቁል ወርዶ ከሥሩ ሲቆሙ ነው፤ መውረዱ ያንሸራትታል፣ መውጣቱ ያስለቅሳል። የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተፈጥሮ ራሷ በወንዝ ላይ የሠራችው የድንጋይ መሻገሪያ ነው፤ ላዩን ዛፍ ስለሸፈነው ካልተነገራችሁ ድልድይ ላይ መሆናችሁን አታውቁትም። አለምጎኖ ረግረጉ ጋ ማለዳ ሄዶ ወፍ ማየት ደስ ይላል፤ እኔ ስለ ወፍ ስለማላውቅ ዝም እላለሁ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን ያየነው ዝናብ በያዘን ከሰዓት ነው። ሕንፃው ትልቅ ነው፤ ለእኔ ግን ጫካውን አይቶ ለመጣ ሰው ሙዚየሙ ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ሙዚየሙ ቀድሞ ቢታይ ይሻላል።

ውሹውሽ ግን ለብቻው ቀን ይገባዋል። ከቦንጋ ቅርብ ነው። የሻይ እርሻው ኮረብታውን በሙሉ አልብሶ፣ እኩል ተቆርጦ ሲታይ ዓይን ያርፍበታል፤ ለቃሚዎቹ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው በረድፎቹ መሐል ይሄዳሉ። ከሻይ ጋር ተያይዞ ባሕር ዛፍ በብዛት ተተክሏል፤ ቅጠሉን ለማድረቅ ማገዶ ያስፈልጋል። ውብ ነው፤ ግን ከማንኪራ በኋላ ስታዩት አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጫካው ውስጥ አንድ እርምጃ በሄድን ቁጥር ባለቤቴ የሚበላ ወይም የሚቀመም ነገር ታገኝ ነበር። እዚህ ግማሽ ቀን ሄደን ያገኘነው ሻይ ነው። ሻዩ ጥሩ ነው፣ አይካድም። ለሥራውም ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ እንጀራ ነው። ነገር ግን ጫካ ለአንድ ሰብል ሲለቅ ከገበታ ላይ ስንት ነገር እንደሚነሳ ለማየት ሁለቱን ቦታዎች በተከታታይ ማየት ይበቃል።

ካፋ ውስጥ ደን የቆየበትን ምክንያት ሰው ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ «ባህል ነው» ይባላል። ባህል ብቻውን ግን ችግርን አይችልም። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ ደን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አሠራር ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ደኑን የሚጠብቀው ከደኑ የሚበላው ይሁን። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የካፋ የደን ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም በዚሁ መንገድ ጫካ ውስጥ የተለቀመውን ቡና ወደ ውጭ ገበያ አውጥቷል። ፍሬው በጣት የሚቆጠር ቡና ከእርሻ ቡና በመጠን ሊወዳደር አይችልም፤ በዋጋ ካልተካሰ ዛፉ ይወድቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ የዱር አረቢካ ከሚበቅልባቸው ቦታዎች በተሻለው ግምት እንኳ 65 በመቶ የሚሆኑት በ2080 ላይ የማይስማሙት ይሆናሉ። ጥላ ያለው ጫካ ሙቀቱን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ቀረሮው መቆሙ ለቡናው መከላከያም ነው።

ባለቤቴ ስለዚህ ሁሉ የራሷ አስተያየት አላት። «ሆቴሎቹ ቆጮ በቅቤ ቢሸጡ ለጫካው ከሁሉም በላይ ይጠቅሙታል» ትላለች። እኔ መጀመሪያ ላይ የምግብ ወዳድ ሰው ንግግር መስሎኝ ነበር። ሳስበው ትክክል ናት። የስብሰባ ባጅ ያንጠለጠለው እንግዳ በየቀኑ ፓስታ ሲበላ ገንዘቡ ከከተማው ይወጣል፤ ፓስታው ከፋብሪካ ነው፣ ሩዙም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ያው ሰው ቆጮ፣ ጎደሬ፣ በጥምዝ የተነጠረ ቅቤና ነጭ ማር ቢቀርብለት ብሩ እንሰት ወደምትፍቀው ሴትና ቀፎ ወደሚሰቅለው ሰው ይሄዳል። ክልሉ የቡና አገር፣ የማር አገር እያለ በየአዳራሹ ሲናገር አዳራሹ ጓዳ ውስጥ የሚበስለውን ምሳ አንድ ጊዜ ቢያየው ጥሩ ነው። እዚሁ ክልል ውስጥ፣ ዳውሮ ላይ፣ በገበታ ለአገር ፕሮጀክት የሐላላ ኬላ ሎጅ ተሠርቷል። ሎጅ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ምናሌ ላይ አንድ መስመር መጨመር ግን ምንም አይጠይቅም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ዝናቡ ጋብ የሚልበትን ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ የቡናው ለቀማም የሚያጋጥማችሁ ኅዳር አካባቢ ነው። የካፋን ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮን በቦንጌ ሻምበቶ ለማየት ከሆነ ግን መስከረም ላይ፣ ጭቃውን ፈቅዳችሁ ሂዱ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ የዝናብ ልብስ በማንኛውም ወር ያዙ። ያለ አስጎብኚ ጫካ አትግቡ፤ ከዞኑ ቱሪዝም መምሪያ ጠይቃችሁ የአካባቢውን ልጅ ያዙ፣ ዋጋውንም ቀድማችሁ ተስማሙ። ጥምዝና ኮረሪማ ከጫካ አትቅጠፉ፤ ገበያ ላይ ከለቀሙት ሰዎች ግዙ። ሆቴል ስትገቡ ምናሌው ላይ የሌለውን ጠይቁ፤ «የቤት ነው» ቢሏችሁም አትመለሱ። ቆጮውን ግን ከአንድ ቀን በፊት እዘዙ፤ በዕለቱ ብትጠይቁ አይደርስላችሁም።